ሳያደምጡ መፍረድ፣ ሳይናገሩ ማማት



በአማርኛችን «አቤት» የምትባል ቃል አለች። ታናሽ በታላቁ ሲጠራ «አቤት» ይላል። የተበደለ ሰውም ወደ ዳኛ ወይም ወደ ሹም ሲጮህ «አቤት» ይላል፤ «አቤቱታ» የምንለውም ከዚችው ቃል የመጣ ነው። ልብ በሉ፤ ዝቅ ያለው ሰው ሲጠሩትም ሲጣራም ቃሉ አንድ ነው። ከላይ ያለው ሰው ከታች ሲጠሩት ምን ብሎ እንደሚመልስ ግን ልማዳችን ቃል አላበጀለትም። እንዲያውም አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ነገሩን ዘግተውታል።

በዚህ ወር ልናወያያችሁ የፈለግነው ይህንኑ ነው። በአገራችን መንግሥትና ሕዝብ እንዴት ይነጋገራሉ? ሹሙ ሲናገር ማንን ያናግራል? ሕዝቡስ ለማን ይናገራል? እኛ ሙስሊሞች ይህን ስንመዝን ከሌላ አገር ሚዛን መዋስ አያስፈልገንም። ሚዛኑ በዚችው ምድር፣ በአንድ የሐበሻ ንጉሥ ችሎት ተሰቅሎ ይገኛል።

የነጃሺ ችሎት

ታሪኩን ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ስደቱና ስለ ንጉሡ ደግነት ብቻ ነው። እስቲ ዛሬ ስለ አነጋገሩና ስለ አደማመጡ እናስተውል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ሆነው በተላኩ በ5ኛው ዓመት ሰሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን አስከትለው ላኩባቸው። በቦታው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት፣ መልእክተኞቹ በቀጥታ ወደ ንጉሡ አልገቡም። አስቀድመው ለእያንዳንዱ ባለሟል ስጦታ አደሉ። የጠየቁትም አንድ ነገር ነበር፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግራቸው አሳልፎ እንዲሰጣቸው ምከሩልን የሚል። ዐምር ብልህ ሰው ነበር። ስደተኞቹ አፍ አውጥተው ከተናገሩ ነገሩ እንደሚበላሽበት ገብቶታል። ስለዚህ ገንዘቡን የከፈለው ለንጉሡ ጆሮ ነው ማለት ይቻላል፤ እንዲዘጋለት።

ባለሟሎቹም የበሉትን አላሳፈሩም፤ «እውነታቸውን ነው፣ አሳልፈህ ስጣቸው» በማለት መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጣ። አገሬን መርጠው ከኔ የተጠጉ ሰዎችን ሳልጠይቃቸው አልሰጥም አለ፤ አስጠራቸውም። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ስለ ሁሉም ሆኖ ተናገረ። ቀድሞ ምን እንደነበሩ፣ አሁን ምን እንደሆኑ፣ ለምን እንደመጡ በቅደም ተከተል አስረዳ። ከሱረቱ መርየም መጀመሪያም ቀራ። ንጉሡ አለቀሰ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ዐምር በማግስቱ «እነዚህ ሰዎች በመርየም ልጅ በዒሳ ላይ ከባድ ነገር ይናገራሉ» ብሎ ተመለሰ። ይህ ንጉሡን በሃይማኖቱ የሚነካ ክስ ነው። ነጃሺ በዚህም ጊዜ በስማ በለው አልፈረደም፤ ዳግመኛ አስጠራቸው። ሰሐቦችም ተሰብስበው ምን እንደሚሉ ተመካከሩ። የሚመጣው ይምጣ፣ አላህና መልእክተኛው ካስተማሩን ውጪ አንናገርም ብለው ተስማሙ፤ እንዳሉትም ተናገሩ። ባለሟሎቹ ቢያጉረመርሙም ንጉሡ ስደተኞቹን በሰላም አሰናበተ፤ የቁረይሾችንም ስጦታ መለሰ።

ከዚህ ለገዢም ለተገዢም ትምህርት አለ። ገዢው ተከሳሹን በአፉ ሳይሰማ አልፈረደም፤ በባለሟል ሹክሹክታ አልተመራም፤ ክሱ ሲደገም ማድመጡንም ደገመ። ተገዢዎቹ አስቀድመው ተመካከሩ፤ አንድ ተናጋሪ አቀረቡ፤ ነፍሳቸው በንጉሡ እጅ እያለች ንጉሡን ለማስደሰት ሲሉ ቃላቸውን አላጣመሙም። እንግዲህ የኛን ዘመን በዚህ እንመዝነው።

«በኢትዮጵያ የሚኖሩ»

ያንን ንጉሥ ያፈራች አገር በኋለኞቹ ዘመናት ሙስሊሞቿን የምትጠራበት ስም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር። አነጋገሩ ሲሰሙት ስድብ አይመስልም። ነገር ግን «የሚኖር» የሚባለው ማነው? ተከራይ ይኖራል፤ እንግዳ ይኖራል። ባለቤቱን ግን «በቤቱ የሚኖር» ብሎ የሚያስተዋውቀው የለም። በአንዲት ቃል አንድ ሕዝብ ከባለቤትነት ወደ እንግድነት ሊገፋ ይችላል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለሰላማዊ ሰልፍ አደባባይ የወጡት ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ ይዘው ነው። በእስልምና በዓላት ሥራ እንዲዘጋ፣ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች» ተብለው እንዲጠሩ፣ በአገራቸው ጉዳይ እኩል እንዲሆኑ ጠየቁ። ብዙ ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሥርዓቱ ሊመልስላቸው ዕድሜ አላገኘም፤ ብዙም ሳይቆይ በአብዮቱ ወደቀ። በዓላቱን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ያወጀው ደርግ ነው። የዘውዱ መንግሥት ያንን ጥያቄ በሰላሙ ጊዜ አድምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ያጣ ነበር? ምንም። ያላደመጠው ከባድ ስለነበረ አይደለም፤ ከታች ለመጣ ድምፅ «አቤት» ማለትን ስላልለመደ ነው።

ባለቤት የሌለው ግሥ

ዘውዱም ደርግም አልፈዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ በአንቀጽ 30 ደግሞ ዜጎች መሣሪያ ሳይዙ የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ቃሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከሕጉ ይልቅ የሹማምንቱን አነጋገር ስናደምጥ የድሮውን በሽታ በአዲስ ልብስ እናገኘዋለን።

አንድ የቀበሌ ወይም የወረዳ ስብሰባ ላይ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ። «ክፍተቶች ታይተዋል።» ማን ከፈታቸው? «ችግሩ ተከስቷል።» ማን አመጣው? «አቅጣጫ ተቀምጧል።» ማን አስቀመጠው፣ ወዴትስ ነው? «በትኩረት እየተሠራ ይገኛል።» ማን እየሠራ? እኛ በመድረሳ ነሕው ስንማር በዐረብኛ አድራጊው የማይጠቀስበት ግሥ «መጅሁል» እንደሚባል ተምረናል፤ ያልታወቀ ማለት ነው። የቢሮዎቻችን ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር መጅሁል ሆኗል። ጥፋት አለ፤ አጥፊ የለም። ሥራ አለ፤ ሠሪ የለም። አድራጊው ያልታወቀን ነገር ደግሞ ማንን ትጠይቃላችሁ?

የጥያቄው ሰዓት ሲደርስም ሌላ ሥርዓት አለ። አሥር ሰው ይጠይቃል፤ ጥያቄዎቹ ባንድ ላይ ይጠረዛሉ፤ ከዚያ ለሁሉም አንድ ረጅም ንግግር ይሰጣል። የእናትየዋ የውሃ ጥያቄ፣ የሽማግሌው የመቃብር ቦታ ጥያቄ፣ የወጣቱ የሥራ ጥያቄ በ«ልማት» ውስጥ ሟሙተው ይቀራሉ። በመጨረሻ «ጥያቄዎቻችሁን ወስደናል» ይባላል። እውነትም ወስደዋቸዋል፤ የሚመለሱበት ቀን ብቻ ነው ያልተነገረው።

ነጃሺ ጀዕፈርን የጠየቀው ቁርጥ ያለ ጥያቄ ነበር፤ ያገኘውም ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ንግግር ማለት ይህ ነው። የሌላው ስሙ መግለጫ ነው።

ሰውየው በእስር፣ ምስሉ በቴሌቪዥን

የማያደምጥ ሹም ጉዳቱ ጊዜ በማባከን ብቻ አያበቃም። በ2004 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተናል። ሙስሊሙ በአወሊያ ተሰብስቦ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች ይካሄድ፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። አስቡት፤ ተመካክሮ ተናጋሪ መምረጥ፣ ጥያቄን ቆጥሮ ማቅረብ፣ ወደ ባለሥልጣን ሄዶ መነጋገር። የጀዕፈር መንገድ ከዚህ በምን ይለያል?

ኮሚቴው ከፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ጋር ተነጋገረ፤ መግባባት ግን አልተገኘም። በሐምሌ 2004 አባላቱ ታሰሩ። በመስከረም 2005 የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ሳይሆን በቀበሌ ተካሄደ። በጥር 2005 ደግሞ፣ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፊልም አሳየ።

ስለዚህ ፊልም አንዳንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ መንግሥት ሕዝቡን የማናገሪያ ትልቁ መሣሪያው በዚያች ምሽት ምን እንደሠራበት ያሳያልና። ፊልሙ ስለ ተከሳሾቹ ይናገራል፤ ተከሳሾቹ ግን መልስ ሊሰጡ የሚችሉበት ቦታ ላይ አልነበሩም። በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጸ ቃላቸው ተመርጦ ቀረበ፤ የሚጠይቀውም፣ የሚቆርጠውም፣ የሚተረጉመውም ከሳሹ ወገን ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ከመሰማቱ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የሚሊዮኖች ሳሎን ችሎት ሆነ። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ዐምር ኢብኑል ዓስ ለባለሟሎቹ ስጦታ ያደለው ለዚህ አልነበረምን? ሳያነጋግሩ እንዲፈረድ።

ስሙም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከዲናችን መዝገብ ሁለት ቃል ተወስዶ ማስፈራሪያ ተደረገ። በአቡ ዳዉድና በቲርሚዚ በተዘገበ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጂሃድ ሁሉ በላጩ በበዳይ ገዢ ፊት የሚነገር የፍትሕ ቃል መሆኑን አስተምረውናል። ጦር አላሉም፤ ቃል አሉ። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይዞ ባለሥልጣን ፊት የቆመ ሰው በእርግጥም ለቃሉ የቀረበ ነው፤ ፊልሙ በፈለገው ትርጉም ግን አይደለም።

በሐምሌ 2007 ፍርድ ቤቱ በ18 ተከሳሾች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ፈረደ። በኋላም በተለያየ ጊዜ በይቅርታ ተለቀቁ። በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በነሐሴ 2017 ደግሞ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች ተካሄደ። የ2004 ጥያቄ ይኸው አልነበረምን? 13 ዓመት ወሰደ። በመካከሉ የታሰረው፣ የተሰደደው፣ ልጁን ሳያሳድግ የቀረው ሁሉ የማድመጥ ዕዳ ነው። ያንን ዕዳ የከፈሉት ደግሞ ያላደመጡት አይደሉም።

ትምህርቱም ተምረነው ያለፍነው አይመስልም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ ዶዘሩ ከውይይቱ ቀድሞ ደረሰ። በታላቁ አንዋር መስጂድ በጁሙዓ ቀን የሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው ንግግሩ ክብደት ያገኘው። አላህ ሟቾቹን ይማርልን።

እኛስ?

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይላችሁ ይሆናል፤ ሹምን መውቀስ ቀላል ነውና። ነጃሺ ግን የሚመዝነው ገዢን ብቻ አይደለም፤ ጀዕፈርም ሚዛን ነው።

ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ስንነሳ ምን እንላለን? «በቅድሚያ መድረኩን ላዘጋጁልን አካላት ያለኝን ምስጋና...» ብለን እንጀምራለን። የማናምንበትን ሙገሳ እንደረድራለን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ በቡናው ላይ፣ ያንኑ ሹም ሥጋውን በልተን አጥንቱን እንቆረጥማለን። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ሐሜትን የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ማመሳሰሉን እያወቅን! በፊቱ ማወደስ፣ በሌለበት ማማት፤ ይህ ንግግር አይደለም። ሹሙም ስብሰባ ላይ የሰማውን ውዳሴ እውነት ብሎ ቢወስድ ጥፋቱ የሱ ብቻ ነውን?

ሌላው ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ይላል። እውነት ነው፣ ዝምታ አይነቅዝም፤ መብት ግን በዝምታ ውስጥ ይነቅዛል። ሦስተኛው ወገን ዝም አይልም፤ የሰማውን ሁሉ በፌስቡክና በቴሌግራም ይበትናል። አንዱ የጮኸበትን ሳያጣራ ለመቶ ሰው ይልካል። ያው ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ ብሎ አዞናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃው ነግረውናል። በፊልሙ የተበደልን እኛ፣ ባልተጣራ ምስል ሌላውን ወገን ስንከስ ከፊልሙ ሠሪ በምን ተሻልን?

ስድብም ድፍረት የሚመስለው አለ። አላህ (ሱ.ወ.) ሙሳንና ሃሩንን (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን ሲልካቸው ለስላሳ ንግግር እንዲናገሩት አዘዛቸው። እኛ ከሙሳ አንበልጥም፤ የወረዳው ሹምም ከፊርዐውን አይከፋም።

የራሳችንን ተቋማትም እንይ። መጅሊሱ፣ የመስጂድ ኮሚቴው፣ የመድረሳው አስተዳደር የጀማዓውን ጥያቄ እንዴት ይቀበላሉ? ሒሳብ ሲጠየቁ ይቆጣሉ ወይስ መዝገቡን ይዘረጋሉ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽን ታላላቆች እያነጋገሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም ሲመጣ ፊታቸውን በማዞራቸው ሱረቱ ዐበሰ ወረደ። ለአንድ ማዕረግ ለሌለው ሰው ሲባል የተወቀሱት ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ናቸው። እንግዲህ ባለሀብት ሲመጣ ወንበር የሚስብ፣ ለድሃው ግን «ነገ ተመለስ» የሚል የኮሚቴ ሰው ምን ሊባል ነው?

ከየት እንጀምር?

የሚከተሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ይሠራሉ።

ስትጠይቁ ተመካከሩና አንድ ነገር ጠይቁ። አሥር ብሶት በአንድ ማመልከቻ የተጻፈ እንደሆነ አሥሩም አብረው ይጠፋሉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሆነውን ያለ ግነት ጻፉ። በመዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና ቁጥሩንና ማኅተሙን በቅጂያችሁ ላይ ተቀበሉ። ቃል ይበናል፤ ቁጥር ያለው ወረቀት ግን ይጠይቃል።

ሕጉንም እወቁ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። መልስ ካጣችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ስሙን አስተውሉት፤ እንባ ጠባቂ! ስሙን እንዲሆን የምናደርገው እኛ እንባችንን በቡና ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ስናፈስ ነው።

ሹም የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶችም አላችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊይን (ረ.ዐ.) ለዳኝነት ሲልኳቸው የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳትሰማ አትፍረድ ብለዋቸዋል። ቢያንስ «አጥፍተናል»፣ «አልሠራንም»፣ «እኔ ነኝ የወሰንኩት» የሚሉትን አነጋገሮች ወደ ቢሮ መልሷቸው። ሕዝብ ጥፋቱን ያመነ ሹም ቶሎ ይቅር ይላል።

ከሁሉም በፊት ግን ቤታችን አለ። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ስለ መንጋችንም እንጠየቃለን። አባት ልጁን «ዝም በል፣ አትመልስ» እያለ አሳድጎ፣ ነገ ስብሰባ ላይ እውነት እንዲናገር ሊጠብቅ አይችልም። ታላቅየው ታናሹን ከሶ ሲመጣ፣ እናት ታናሹን ጠርታ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብትለው፣ ያች እናት የነጃሺን ችሎት በጓዳዋ ዘርግታለች። ያ ልጅ አድጎ ሹም ቢሆን ሰው ሳያደምጥ መፍረድ ይከብደዋል፤ ዜጋ ቢሆንም በዳዩን ፊት ለፊት ማናገር አይፈራም።

አላህ (ሱ.ወ.) የሚያደምጡ መሪዎችን፣ እውነቱን በመልካም ቃል የሚናገር ሕዝብን ለአገራችን ይወፍቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።